ተስፋ ላይ ጨርሱ

«ቀኑ ይውጣ፤ ሌላው እንዳለ ይሁን» አለ አሰልጣኙ፣ ከዶክተሯና ከካሜራማኑ ወንበር ጀርባ ጎንበስ ብሎ።

ላፕቶፑ ላይ ሦስት ወጣት ጥንብ አንሳዎች ከገደል አፋፍ ተራ በተራ ወደ አየር ሲዘሉ ይታያል። የመጀመሪያው ሳያመነታ ወጣ። ሁለተኛው ክንፉን ዘረጋ፣ አጠፈ፣ እንደገና ዘረጋና ሄደ። ሦስተኛው ፈሪ ነበር፤ እስከ ጠርዙ ይመጣና ወደ ኋላ ይሸሻል። በመጨረሻ ነፋስ ይግፋው ራሱ ይቁረጥ ሳይታወቅ ቁልቁል ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ አየሩ ከሥር ተቀበለውና ቀና አለ። ከምስሉ ግርጌ በትንንሽ ነጭ ፊደል ወርና ዓመት ተጽፏል። የዛሬ አራት ዓመት የተቀረጸ ነው።

«ቀኑ ከወጣ እኮ ዘንድሮ የሆነ ይመስላል» አለች ዶክተሯ።

«ይምሰል። ዋሸሽ ማለት አይደለም። ወፎቹ በርረዋል አልበረሩም? በርረዋል። ሰው ቁጥር ማንበብ ሲጀምር ማልቀስ ያቆማል።»

አሰልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ በቀለላት። ሰው ፊት መናገር ሞት የሚመስላቸውን ሳይንቲስቶችና ጥንብ አንሳን ከጭልፊት የማይለዩ ፊልም ሠሪዎችን እያጣመረ፣ የዱር እንስሳት ታሪክ ሰው ጆሮ እንዲገባ ሆኖ የሚነገርበትን መንገድ ሲያስተምር ሦስት ሳምንት ከርሟል። ሲስቅ ከልቡ ነው፤ ሲቆጣም ቶሎ ይረሳል። የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ውስጥ ባለው ነጭ ሰሌዳ ላይ በትልልቁ «ተስፋ ላይ ጨርሱ» ብሎ ጽፎ፣ ማንም እንዳያጠፋው አስጠንቅቆ ነበርና ጽሑፉ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ቤቱ ገብቶ ይተኛል እንጂ ተነስቶ አያድንም ይላል። ንግግሩ ይጣፍጣል፤ እውነትም ይመስላል።

ዛሬ ስልጠናው ያልቃል። ከሰዓት በኋላ ጥንዶቹ ሁሉ የሠሩትን አጭር ፊልም ለእንግዶች ያሳያሉ። ከእንግዶቹ አንዱ የመሬት ቢሮው ኃላፊ ናቸው። የጥንብ አንሳዎቹን ገደል ለድንጋይ ካባ የሚሰጠው ወረቀት እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። አዘጋጆቹ ጎትጉተው ጎትጉተው፣ መጀመሪያ ፊልሙን አይቼ ነው የምወስነው አሰኝተዋቸዋል። ይህን ከሰማች ወዲህ ለዶክተሯ እህል አልዋጥ ብሏታል።

አስራ አንድ ዓመት ያንን ገደል ስትጠብቅ ኖራለች። ስትጀምር በየድንጋዩ ጎጆ ነበረ፤ ጠዋት ወፎቹ የአየሩን መሞቅ ጠብቀው ሲነሱ ሰማዩ ይጠቁር ነበር። ለጅብ ተብሎ የሚመረዝ ሥጋ ሌሎቹን ፈጅቶ ዘንድሮ አንድ ባልና ሚስት ቀሩ። ይህንን ሁሉ ቀኑንም ቦታውንም ሳታዛንፍ በየዓመቱ ጽፋ ለሚመለከተው ክፍል አስገብታለች። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ጥናትሽ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ባልደረቦቿ «አሞራዋ» ይሏታል፤ በፊት በፍቅር ነበር፣ አሁን አሁን በምን እንደሆነ እሷም ለይታ አታውቅም።

እውነቱን ስናገር ማን ሰማኝ፣ አለች በልቧ። ከዚያ ራሷን በሚያስገርም ፍጥነት «አውጣው» አለች።

ያለችው ዙምን ነው። ዙም በስልጠናው የደረሳት ተጣማሪ፣ የሠርግ ካሜራማን ነው። ሰው ሊያለቅስ ሲል እንባው ከዓይኑ ሳይወጣ ካሜራውን ቀድሞ ስለሚያስጠጋ ስሙ ወጣለት፤ እናቱ ያወጣችለትን የሚያውቅ እዚህ የለም። መጀመሪያ ቀን ጥንብ አንሳ በቅርበት ሲያይ «ዶክተር፣ ይችን ሙሽራ ሜካፕ አይመልሳትም» ብሎ አስቋት ነበር። ያው ሰው በኋላ ጎህ ሳይቀድ በደረቱ ተኝቶ፣ ጉንዳን አንገቱ ውስጥ እየገባበት ሳይንቀሳቀስ መዋል ለመደ።

ዙም ጠቅ አደረገ። ወርና ዓመቱ ጠፋ። ምስሉ ይበልጥ አማረ፤ የሚያናድደውም ያ ነበር።

«የባዶዋ ጎጆስ? ምናለ ትንሽ እንኳ ብናስገባት» አለ ዙም፣ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳያነሳ።

አሰልጣኙ ራሱን ነቀነቀ። ስለ እሷ ተነጋግረን ጨርሰናል፣ የሞተ ጫጩት ያየ እንግዳ ወደ በሩ ነው የሚያየው፣ አለ። የዶክተሯን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ ኤሊ ላይ ወደሚሠሩት ጥንዶች አለፈ።

ጫጩቷ የሞተችው ባለፈው ሳምንት ነው። የካባው ሰዎች ለሙከራ ብቻ ብለው ከገደሉ ማዶ ድማሚት አፈነዱ። ዶክተሯና ዙም ፊት ለፊት ባለው ጉብታ ላይ፣ ከቅጠል በሠሩት መደበቂያ ውስጥ ነበሩ። መሬቱ ከሥራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሁለቱ ወፎች ተነስተው ጠፉ። ጎጆዋ ያረፈችበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ጠርዙ ተሰንጥቆ ነበርና ትንሽ ቆይቶ፣ ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ፣ ግማሹ ተገምሶ ወረደ። ጫጩቷ ገና ክንፍ አላወጣችም። ዶክተሯ እየተንሸራተተች ገደሉ ሥር ደርሳ በሁለት እጇ አነሳቻት። ደረቷ ገና ይሞቅ ነበር። ዘንድሮ በዚያ ገደል ላይ የተፈለፈለች ብቸኛ ነፍስ እሷ ነበረች።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት እናቲቱ ምግብ ይዛ ተመለሰች። ያንን ዙም ሳያቋርጥ ቀረጸው። ዶክተሯ ግን አጠገቡ ተቀምጣ ፊቷን በጃኬቷ ሸፍና ነበርና ከካሜራው ድምፅ በቀር የሰማችው የለም። ምስሉን ያየችው በኋላ ነው፤ ካየችው ወዲያ ግን ደጋግማ አየችው።

የዶክተሯ እናት በምሳ ሰዓት መጣች። ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤት እምብዛም አትወጣም፤ ዛሬ ግን የክት ልብሷን ለብሳ፣ ጎረቤት ደግፏት፣ ከአዳራሹ የፊት ረድፍ ተቀመጠች። የመጣችው ለልጇ ብቻ አልነበረም። ዶክተሯ አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ የላትም። እናት መጀመሪያ ላይ «አሞራ ከምታሳድጊ ልጅ ብታሳድጊ» እያለች ስትነዘንዝ ቆይታ፣ ኋላ ሲሰለቻት ነገሩን ወደ ቀልድ አዞረችው። ጫጩቷ ከተፈለፈለች ጀምሮ ማታ ማታ ልጇ በር ስትከፍት ከጓዳ «የልጅ ልጄ እንዴት ዋለች?» ትላታለች። ቀልዱ እየቆየ ቀልድነቱ ቀነሰ። በላች ወይ፣ ብርድ አልነካት ወይ፣ አባትየው ይረዳል ወይስ እንደ ወንዶቹ ሁሉ ነው፣ ማለት አመጣች።

ዶክተሯ አልነገረቻትም። የዚያን ቀን ዓይኗ ደም መስሎ ስትገባ፣ የድንጋይ አቧራ ነው ብላ ፊቷን ታጠበች። እናት ስትጠይቅ ደህና ናት አለቻት፤ በማግስቱም ደህና ናት አለች። ጉዳዩ ይለቅና እነግራታለሁ እያለች ሳምንቱ አለቀ።

«ዛሬ እንግዲህ በዓይኔ ላያት ነው» አለች እናት፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። ዶክተሯ ውሃ ላምጣልሽ ብላ ከአጠገቧ ተነሳች።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። መጋረጃው ተዘጋ። የኤሊው ፊልም ቀደመ፣ የሌሊት ወፎቹ ቀጠለ፣ ከዚያ የእነሱ ሆነ። ዶክተሯ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ጣቶቿን እርስ በርስ ቆለፈች። የራሷን ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ስትሰማ የማታውቃት ሴት የምትናገር መሰላት፤ ረጋ ያለች፣ አንጀት የምትበላ ሴት። ዙም ተክኖበታል። ማንም የሚጸየፈውን ያንን ራሰ በራ ወፍ የማለዳ ብርሃን ከጀርባው ሰጥቶ አሽሞንሙኖታል። እናቲቱ ጫጩቷን ስታጎርስ ሲታይ አዳራሹ ውስጥ የሴቶች «ውይ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የፈነዳው ድማሚት መጣ፤ ጭሱ፣ አቧራው፣ የሚሸሹት ወፎች።

ከአቧራው ቀጥሎ ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረ። ከዚያ ሰማይ ሆነ፤ ሦስቱ ወጣቶች አፋፉ ላይ ቆመዋል።

እናቷ ክንዷን ያዘቻት።

«ተመስገን» አለች በሹክሹክታ። «ተመስገን፣ ተመስገን። የቷ ናት የኛዋ? ፈሪዋ ናት አይደል?»

ፈሪዋ ወደ ጠርዙ መጣች፣ ሸሸች፣ እንደገና መጣች። እናት የልጇን ክንድ ይበልጥ ጨበጠች፤ ሦስተኛዋ ስትወርድ አብራ ወረደች፣ ቀና ስትል አብራ ቀና አለች። ጉንጯ ላይ እንባዋ ይወርዳል፣ አፏ ግን ይስቃል። ያኔ ነው ለዶክተሯ የገባት። ድማሚቱ ፈነዳ፣ አቧራው ጠራ፣ ልጆቹ በረሩ። ሠርታ ያሳየችው ይህንን ነው። እናቷ እንዲህ ካየችው ሁሉም እንዲህ አይቶታል።

መብራቱ ሲበራ ጭብጨባው ቀለጠ። ዞር ብላ ኃላፊውን ፈለገቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። በስልጠናው ሁሉ የተመኘችው እንባ እሱ ነበር፤ አሁን ስታየው ፊቷን አዞረች።

የመዝጊያውን ንግግር ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ቀስ ብለው መድረኩ ላይ ወጡ።

«እውነቱን ልናገር» አሉ። «ወደዚህ ስመጣ ልቤ ከብዶት ነበር። ወፎቹን ልትጨርሳቸው ነው እየተባልኩ እንቅልፍ አጥቼ ሰንብቻለሁ። ዛሬ ግን በዓይኔ አየሁ። ድማሚቱም ፈነዳ፣ እነሱም አሳደጉ፣ ልጆቻቸውም በረሩ። ፈጣሪ ክንፍ የሰጠው ፍጥረት ገደል አያጣም። እኛ ነን መንገድና ቤት መሥሪያ ድንጋይ ያጣነው። ዶክተርንና ወጣቱን አመሰግናለሁ፤ ከትልቅ ጭንቀት ገላገላችሁኝ።»

ሰው እንደገና አጨበጨበ። አሰልጣኙም ጀምሮ ነበር፤ መሀል ላይ እጁ ቀዘቀዘና ዓይኑ ዶክተሯን ፈለገ። እሷ ቆማ ነበር። እጇን አውጥታለች፤ ማይኩን የያዘችው አስተናጋጅ ግን ጥያቄ የሚባል ነገር በፕሮግራሙ ላይ እንደሌለ በፈገግታ ነገረቻት። ለስላሳ መጠጥና ኬክ ከኋላ ተዘጋጅቷል፣ እንግዶች ወደዚያ ይለፉልን ተባለ።

በሰው መሀል እየተጋፋች ኃላፊው ዘንድ ደረሰች። ምን ብላ እንደምትጀምር አላሰበችበትም ነበር።

«ክቡር ኃላፊ፣ ጫጩቷ ሞታለች። እነዚያ የበረሩት የዛሬ አራት ዓመቶቹ ናቸው። ዘንድሮ የበረረ የለም።»

ኃላፊው አላሾፉባትም። የለስላሳውን ብርጭቆ አስቀምጠው፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው በሚታይበት ዓይን አዩዋት። አስራ አንድ ዓመት አለቁ፣ አለቁ ሲሉን ኖረዋል፤ እኛም አንብበናል፣ አሉ። ካባው ሥራ ለሚሰጣቸው ሰዎችም ማሰብ አለብኝ አሉ። ወረቀት ብዙ ይላል፣ ያኛውም ወገን የራሱ ባለሙያና የራሱ ወረቀት አለው።

«ዛሬ እርስዎ ራስዎ አሳዩኝ» ብለው ጨረሱ። «እኔ እንግዲህ የማምነው ዓይኔን ነው።»

የካባው ሰዎች ቢሮ እየጠበቋቸው መሆኑን ነግረው፣ የቀረውን ሰው ለመሰናበት ዞሩ። ዶክተሯ በቁሟ ቀረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ትሰማ ነበር፤ ሲደርስባት እንዲህ ደረትን የሚያፍን መሆኑን ግን አታውቅም ነበር። የብብቷ የምትለው እኮ ብዙ አልነበረም። ሰው ባይሰማትም ሐሰት ተናግራ አለማወቋ ብቻ ነበር። እሱንም በገዛ እጇ፣ በአንድ ጠቅታ አስወጣችው።

አሰልጣኙ ክርኗን ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰዳት። ፊቱ ተለዋውጧል።

«ገብቶኛል» አለ። «አይቻለሁ፤ የኔ ጥፋት ነው። ግን አሁን አይሆንም። ለሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚሰጡን ሰዎች እዚህ ናቸው። አንዱ ፊልም ውሸት ነው ከተባለ የኤሊውም፣ የሌሊት ወፉም አብሮ ይጣላል። ነገ ቢሮው ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ነገማ ፈርመው ያድራሉ።»

አሰልጣኙ እጁን ከክርኗ ላይ አነሳና ነጩን ሰሌዳ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ።

ዙም ከመድረኩ ሥር ተንበርክኮ ገመድ ይጠቀልል ነበር። ፕሮጀክተሩ ገና አልጠፋም፤ ስክሪኑ ባዶ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ዶክተሯ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ለሦስት ሳምንት በመደበቂያው ውስጥ እንደዚህ ነበር ሲያወሩ የኖሩት፣ በሹክሹክታና ሳይተያዩ።

«የማክሰኞው አለህ?»

ዙም መጠቅለሉን አቆመ። «አለ። ሳይቆረጥ እንዳለ።»

«ክፈተው።»

«ዶክተር፣ እሱን ካሳየን የበፊቱ ውሸት ነበር ማለታችን እኮ ነው።»

«አዎ።»

«የእርስዎ ስም ይበላሻል። ሳይንቲስት አይደሉም ወይ፤ ከእንግዲህ የሚጽፉትን ማን ያምናል?»

«እስከ ዛሬስ ማን አመነኝ?» አለች፤ ወዲያው ግን ይህ መልስ እንዳልሆነ ታወቃት። እስከ ዛሬ ያላመኗት ስላልዋሸች አልነበረም፤ ከዛሬ ወዲያ የማያምኗት ስለዋሸች ይሆናል። ልዩነቱን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። «ክፈተው ዙም። እባክህ።»

ዙም በር በሩን አየ። ለሱም ቀላል አልነበረም፤ አሰልጣኙ ቋሚ ሥራ ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል፣ ከሠርግ ወደ ሠርግ መሮጡም ታክቶታል።

«ሠርግ ላይ እንዲህ ያለውን ቆርጬ ነው የምጥለው» አለ ቀስ ብሎ። «ሙሽራ ስታኮርፍ፣ አባት ሰክሮ ሲወድቅ፣ ሁሉንም እጥላለሁ። ይሄን ልጥለው ስል እጄ እምቢ አለኝ።»

ገመዱን ከጥቅሉ ፈትቶ መልሶ ሰካው።

ስክሪኑ ላይ ገደሉ መጣ። ሙዚቃ የለውም፣ የዶክተሯም ድምፅ የለበትም፤ ነፋስ ብቻ ነው። የተገመሰው ድንጋይ ላይ ግማሽ ጎጆ ተንጠልጥሏል፤ ጭራሮው በነፋሱ ይወዛወዛል። ለረጅም ጊዜ ምንም ነገር አልሆነም። ከኋላ የቆሙት እንግዶች ኬካቸውን እየበሉ ጨዋታቸውን ቀጠሉ፤ አንዳንዱ ቀና ብሎ አየና ማስታወቂያ መስሎት ተመለሰ። ኃላፊው በሩ ጋ ደርሰዋል። ደጅ የመኪናቸው ሞተር ተነስቷል።

በስክሪኑ ላይ እናቲቱ ወፍ ከላይ ወረደች። ጉሮሮዋ በያዘችው ምግብ አብጧል። የተረፈችው ቁራጭ ድንጋይ ላይ እግሯን አመቻችታ አረፈችና፣ እንደ ወትሮዋ አንገቷን ወደ ጎጆው ዝቅ አደረገች። አፏን ከፍታ ያመጣችውን አወጣች። ከዚያ ጠበቀች።

አዳራሹ ውስጥ ከፊት ረድፍ ያልተነሳ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ጉልበቷን የሚያማት የዶክተሯ እናት። ባዶ ወንበሮች ፊት ብቻዋን ተቀምጣ ስክሪኑን ታያለች። መነጽሯን አስተካከለች። ጎጆዋን ታውቃታለች፤ ልጇ በስልኳ ስንቴ አሳይታታለች።

«ልጅቷስ?» አለች።

ለማንም አልነበረም ያለችው። ጆሮዋ ትንሽ ስለሚከብዳት ግን ድምፅዋ ሁልጊዜ ከፍ ይላል፤ አዳራሹን አቋርጦ ሄደ። ጨዋታው ቀዝቀዝ አለ። እናት ወደ ልጇ ዞረች።

«የኔ ልጅ፣ ልጅቷስ የታለች?»

ዶክተሯ ከመድረኩ ሥር ቆማ እናቷን አየቻት። ደህና ናት ማለትን ለምዳዋለች፤ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣባት።

«ሞታለች እማዬ» አለች። «ያን ቀን ነው የሞተችው። አቧራ አልነበረም።»

እናቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች።

ኃላፊው የበሩን እጀታ ይዘው ቆመዋል። የሾፌራቸው ጡሩምባ አንዴ ጮኸ። አሰልጣኙ ነጩ ሰሌዳ ሥር እንደቆመ ነው፤ ዙምን አጥፋው አላለውም፣ ተወውም አላለውም።

«ይሄኛው መቼ የተቀረጸ ነው?» አሉ ኃላፊው።

ዙም በጣቱ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ አመለከተ። ካሜራው ራሱ የሚጽፈው ቀንና ሰዓት እዚያ ነበር፤ ማንም አልነካውም። ሰዓቱ አሁንም እየቆጠረ ነው።

«ማክሰኞ» አለች ዶክተሯ። «ያለፈው ማክሰኞ።»

ኃላፊው አነበቡት። ቀስ ብለው ነው ያነበቡት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«ያኛውስ?»

ሰው ሁሉ ያያታል። የኤሊዎቹ ጥንዶች፣ የሌሊት ወፎቹ፣ በጀት የሚሰጡት ሰዎች። የመድረኩን ጠርዝ ያዘች።

«የዛሬ አራት ዓመት ነው። ቀኑን ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»

ጡሩምባው ደግሞ ጮኸ፤ ከፊተኛው ረዘም አለ። የኃላፊው እጅ ከበሩ እጀታ ላይ አልተነሳም፤ ዓይናቸው ግን ወደ ስክሪኑ ተመልሷል። ወፏ አንገቷን እንደደፋች ናት። ዶክተሯ ይህን ምስል ደጋግማ ስላየችው የሚቀጥለውን ታውቃለች፤ ትንሽ ቆይታ ተስፋ ትቆርጣለች፣ ያወጣችውን ምግብ መልሳ ትውጣለች፣ ትሄዳለች። እዚያ ለመድረስ ገና ጥቂት ደቂቃ ይቀራል። እናቷ ከፊት ረድፍ እጇን ወደ ልጇ ዘረጋች፤ ዶክተሯም ሄዳ ያዘቻት፣ ቆማም አብራት መጠበቅ ጀመረች።